ሮም ላይ ያገኘሁት የቤታችን ሰው

ያላየሁትን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሮም ሁለት ሳምንት ልቆይ ሄጄ፣ ያን በፖስታ ካርድ ላይ የምናውቀውን ክብ ፍርስራሽ ከአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው ያየሁት። የጳጳሱንም ደጅ አልረገጥኩም። ከተመለስኩ ጀምሮ መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ "እሺ፣ ሮም እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ እኔም "ጥሩ ነው፣ ይበርዳል" ብዬ አልፋለሁ። የሄድኩበት ጉዳይ ሌላ፣ ይዤ የተመለስኩት ሌላ ስለሆነ ነው። እዚያ ለማይሄድ ሰው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ ከመነሻው ልጻፈው።

ሥራዬ የዘር ምርመራ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። መቶ ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ስንቱ በቀለ ስንቱ ቀረ ብሎ ሰባት ቀን መጠበቅ ሥራ ነው እንዴ ይለኛል። ሥራ ነው፤ እንዲያውም ለዚሁ ስልጠና ተብዬ ነው ሮም የተላክሁት። ጊዜው ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከአገር መውጣት እንዴት እንደነበር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባልመለስ ሊጠየቅልኝ የሥራ ባልደረባዬ ዋስ ሆኖ ፈርሞ፣ ቀበሌው ደብዳቤ ጽፎ፣ ደብዳቤው ጠፍቶ፣ እንደገና ተጽፎ ነው የወጣሁት።

ልነሳ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እታለም ጠራችኝ። እታለም ያሳደገችኝ ናት። ጎጃም ከአያቴ ከፊታውራሪ ቤት ጀምሮ ከእኛ ጋር ናት፤ መሬቱ ሲወረስ አብራን አዲስ አበባ መጣች፤ ጓሮ ባለችው ክፍል ትኖራለች። አንድ እግሯን ትጎትታለች። በዚያ ዓመት ደግሞ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ የአንደኛው ብርሃን ጠፍቶ ነበር።

"ጣልያን አገር ነው አሉ የምትሄደው" አለችኝ።

"አዎ፣ ምን ላምጣልሽ?"

"ወንድም አለኝ። ድንቁ ይባላል። ጣልያኖች ይዘውት ወደ አገራቸው እንደሄዱ አስመራ ያየው ነጋዴ ድሮ ነግሮኛል። የግራ ጆሮው ጫፍ የለውም። ካለም አለ በለኝ፣ ከሞተም ሞተ በለኝ። ልቤ ይረፍ።"

በጀርባዋ አዝላ አሳድጋኝ፣ ወንድም እንዳላት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ

ሻንጣዬ ውስጥ የእኔ የምለው ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብና መላጫዬ ነበር። የቀረው በርበሬና ሽሮ ነው። ጎረቤታችን ሮም ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህት አለቻት፣ እትዬ ጥሩወርቅ የሚሏት፤ ለእሷ የተላከ ነው። ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ ከረጢቱን ፈታና ጣቱን በርበሬው ውስጥ ሰደደ። አሸተተው፣ አስነጠሰው፣ ከዚያ በዚያው ጣቱ ዓይኑን አሸ። እኔ በአማርኛ "ኧረ ተው!" አልኩ። ሦስት ሰዎች ውሃ ይዘው ሲሯሯጡ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጉዞዬ እዚሁ አበቃ እያልኩ ነበር። በመጨረሻ ዓይኑ ቀልቶ መጣ፣ ሻንጣዬን ራሱ ዘግቶ ሰጠኝና በእጁ ሂድ አለኝ። የእኛ አገር ፈታሽ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ያደርኩት ተርሚኒ ከሚባለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለች ፔንሲዮን በሚሏት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት አንዲት ሲኞራ ናት። ጣልያንኛ የምችል ይመስለኝ ነበር፤ የተማርኩት ግን ከአጎቴ ጋራዥ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፤ በቃ ይኸው ነው። የመታጠቢያው ውሃ አልዘጋ ብሎ ክፍሌን ሲያጥለቀልቀው ሲኞራን ጠርቼ በሙሉ ድምፄ "ፍሬኖ የለውም!" አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያም ቀሚሷን ሰብስባ ከእኔ ጋር ውሃውን ጠረገች። ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ሰላም የምትለኝ መሪ እንደያዘ ሾፌር እጆቿን እያዞረች ነው።

ከእሑድ እስከ ረቡዕ

የእኛ አገር ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ የሮም ብርድ ግን ቁጭ ብሎ አብሮህ ምሳ ይበላል። የነቢያት ጾም ነበር። ቅቤም ወተትም ሥጋም አልበላም ስላት ሲኞራ የጨጓራ በሽተኛ መሰልኳትና በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ ፓስታ ሠራችልኝ። ማክሰኞ ደግሞ ካርቾፊ የሚሉትን እሾሃም አበባ ቀቅላ አቀረበችልኝ። እኔ ቅጠሉን ከነእሾሁ አኝኬ ዋጥኩት። ለካ ሥሩን ብቻ ግጦ ቀሪውን መጣል ነው። ቀና ስል ሲኞራ አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። ደግነቱ ሐኪም አልጠራችም።

ስልጠናው ጥሩ ነበር። ሰኞ ዕለት እያንዳንዳችን መቶ ፍሬ ዘር እርጥብ ወረቀት ላይ ደረደርን፤ የሚቆጠረው በሳምንቱ ነው። እኔ ከአገር የያዝኩትን ዳጉሳ መረጥኩ። ለዳጉሳ ምክንያት አለኝ። በአያቴ ዘመን አንድ ክረምት አዲስ የተከፈተው ማሳ ላይ የተዘራው ዳጉሳ አንድም ሳይበቅል ቀረ። ፊታውራሪ መሬቱ ተረግሟል ብለው ካህናት ጠርተው ጠበል አስረጩ፤ አልሆነም፣ ማሳው ወደ ሣር ተመለሰ። ይህን ነገር በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዘር ለምን አይበቅልም የሚለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው ያኔ ነው፤ ሥራዬም ከዚያ መጣ።

ሐሙስ

ሮም ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ተርሚኒ የሄደ ሰው መርካቶ የገባ ይመስለዋል። እትዬ ጥሩወርቅን ከሩቅ በድምፃቸው አወቅኋቸው፤ እህታቸው "ጩኸት ስትሰማ ሂድ" ብላኝ ነበር። አምሳ ዓመት ገደማ ናቸው፣ ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ።

"አሎራ!" አሉ በርበሬውን እያሸተቱ። "ይኸ ነው በርበሬ! እዚህ ያለው ቀይ አፈር ነው። ዶኩሜንቶህ ደህና ነው? ሶጆርኖ፣ ማለቴ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይዘሃል? ትመለሳለህ ወይስ ልትቀር ነው?"

"ዋስ አለብኝ፣ እመለሳለሁ።"

"ቫ ቤኔ፣ የራስህ ጉዳይ።"

ድንቁ የሚባሉ፣ ከጎጃም የመጡ፣ ጆሯቸው የተቆረጠ ሽማግሌ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እንዲህ በቀላሉ ይገኛሉ ብዬ አልገመትኩም ነበር።

"ጋሽ ድንቁን? ፖርቲዬሬውን፣ በር ጠባቂውን? እዚህ ማን የማያውቃቸው አለ! እዚህ የተወለደውን ልጅ ግማሹን ክርስትና ያነሱት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁስ ማን ሆነና! እሑድ ምሳ ይመጣሉ። ምንህ ናቸው?"

"እሑድ እነግርዎታለሁ" አልኩ። ደስታው ሙሉ እንዲሆን ሰው በተሰበሰበበት ላበስረው አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

እሑድ

ሰባት ሴቶች ለሐሙስና ለእሑድ ብለው በጋራ የተከራዩት ክፍል ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ከሚባለው ሰፈር ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሲኞራዎቻቸው ቤት የማእድ ቤት ጓዳ ውስጥ የሚያድሩ ሴቶች እዚያ ሲገቡ ድምፃቸው ይለወጣል። እንጀራው የስንዴ ነው፣ ወፍራም፤ ምስሩና ሽሮው ግን አፌ ላይ ሲቀመጥ እንባዬ መጣ። አሥር ሰው ይሆናል የተሰበሰበው።

ጋሽ ድንቁ ሲገቡ ሁሉም ተነሣ። ረዥም፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ካፖርታቸው የተቦረሸ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ። ብርቱካን በወረቀት ከረጢት ይዘው መጥተዋል። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ የግራ ጆሯቸውን አየሁት። ማእዱን ባረኩ፣ በላን፣ ከዚያ ብርቱካኑን እየላጡ ያካፍሉ ጀመር። ለእኔም ሲሰጡኝ አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ቆምኩና ጮክ ብዬ እንዲህ አልኩ፦

"ጋሽ ድንቁ እኮ እኛ ቤት ነው ያደጉት! ጎጃም፣ አያቴ ቤት!"

እነ እገሌ ቤት ያደገ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። በቤታችን ባሪያ የሚለው ቃል ተጠርቶ አያውቅም። "እኛ ቤት ያደገ" ነው የሚባለው፣ እንደ ምርቃት። እኔም እንደ ምርቃት ነው የተናገርኩት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ግን የጎጃምም የሸዋም የትግሬም ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ወዲያው ገባቸው። አንዷ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ጋሽ ድንቁ ብርቱካኑን ልጠው ጨረሱ።

"ልክ ነው" አሉ። "የፊታውራሪ ቤት። እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?"

"የትልቋ ልጃቸው።"

"ገባኝ።"

እጃቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ፣ ባርኔጣቸውን አነሡ፣ "ደህና ዋሉ" ብለው ወጡ። ዋናውን ነገር ገና አልነገርኳቸውም! ደረጃው ላይ ሮጬ ወጣሁና ቁልቁል "እታለም በሕይወት አለች! እህትዎ!" ብዬ ጮኽኩ። ቆሙ። እጃቸው የደረጃውን ድጋፍ እንደያዘ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ወረዱ።

ስመለስ እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ጠበቁኝ። "ምላስህን ይቁረጠው! ምን ዓይነት ሰው ነህ? እኛ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብን ማን የማን ቤት አደገ እየተባባልን የምንኖር ይመስልሃል?" እዚያው መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። አፈርኩ። ከፍተኛ ባለሙያ፣ ባለ ኮት፣ አፌን የማልጠብቅ።

ሰኞ

ዳጉሳዬ ከመቶው ዘጠና አንድ በቀለ። መምህሯ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከስልጠናው በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ነገሩኝ ሕንፃ ሄድኩ። እዚያ አገር የትልልቅ መኖሪያ ሕንፃ በር ላይ ፖርቲዬሬ የሚሉት ሰው አለ፤ ዘበኛም ጽዳትም ፖስታ አዳይም ነው። ጋሽ ድንቁ የመስታወት ክፍላቸው ውስጥ ደብዳቤ ይለያሉ። በመስታወቱ አዩኝ።

"ሥራ ላይ ነኝ" አሉ።

"እጠብቃለሁ።"

"ይጠብቁ።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ውጭ ቆምኩ። የሚገቡት ጣልያኖች "ቡዎናሴራ ሲኞር ዲኖ" እያሉ ያልፋሉ፤ ሲኞር ዲኖ የሚሏቸው እሳቸውን ነው። እግሬ ደንዝዞ ልሄድ ስል በሩን ከፈቱ።

"ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ና። መጥረጊያ መያዝ ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"እናያለን።"

ማክሰኞ

ከስልጠናው ቀረሁ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁ፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩኝ። ስጨርስ መጥተው ተመለከቱና "አልጠረግክም፣ ቆሻሻውን ቦታ አዛወርከው እንጂ" አሉኝ። እንደገና ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ክፍል ሻይ ሰጡኝ፤ መናገር የጀመሩትም ያኔ ነው። ድምፃቸውን አንድ ጊዜ እንኳን ከፍ አላደረጉም።

"እናንተ ቤት ስንት ማረሻ ይሰበር እንደነበር ነግረውሃል?"

"አያቴ ቀጥቃጩን ይረግሙ ነበር ይባላል።"

"ቀጥቃጩ ምን አደረገ? ደህና ብረት ነበር። እኛ ድንጋይ እየፈለግን ነበር የምናርሰው።" ሻያቸውን ቀመሱ። "ከብቱን ጎረቤት ማሳ ውስጥ እንለቃለን፤ አያትህ ከባለማሳው ጋር ዳኛ ፊት ሲካሰሱ እኛ እንስቃለን። ሴቶቹ ወፍጮ ላይ በጉሙዝኛ ይዘፍናሉ። ሴት አያትህ 'ድምፃችሁ ሲያምር!' ይሉ ነበር። የሚዘፈነው ስለ እሳቸው ነው። ምን እንደሚል አልነግርህም፤ አያትህ ናቸው።"

እኔ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው አላሉም።

"የሸሸ ነበር። የተያዘም ነበር። መጀመሪያ ስሸሽ በግማሽ ቀን ደረሱብኝ፤ ጆሮዬ የቀረው ያኔ ነው። ዳጉሳውንስ ነግረውሃል?"

"የተረገመውን ማሳ?"

"ምን እርግማን አለው! እታለም ናት የቆላችው። ለዘር የተቀመጠውን ጥቂት ጥቂት እያደረገች፣ ሞቅ ሲል ታወጣዋለች። ዳጉሳ መልኩ ያው ነው፣ አይታወቅም።"

"ለምን?"

"አያትህ አዲስ ማሳ ከፍተው አሮጌውንም አዲሱንም ልናርም ነበራ። አንድ ክረምት አረፍን።"

አሥራ ሁለት ዓመት የዘር መርማሪ ሆኜ፣ የመጣሁበትን ጥያቄ መልስ አንድ የበር ጠባቂ ሻይ እየጠጡ ነገሩኝ። ለካ የቆላችው እዚያው ጀርባዋ ላይ ሆኜ ያደግኩት ሴትዮ ናት! ሳቄ መጣ።

"ከዚያ ጣልያን መጣ" አሉ። "አያትህ ለነፃነት በረሃ ወረዱ። ጥሩ ተዋግተዋል፣ አልዋሽም። እኛን ግን ለጠባቂ አደራ ብለው ነው የሄዱት። አንድ ቅዳሜ ማር በበቅሎ ጭኜ ገበያ ወጣሁ። እታለም ቅቤ ይዛ ከኋላ ልትመጣ፣ ከዚያ አብረን ልንጠፋ ተነጋግረን ነበር። ገበያው እስኪፈታ ጠበቅኋት። አልመጣችም። ፈራች አልኩ፣ ሄድኩ።"

ጋሽ ድንቁ የጣልያኖቹ ጦር ሰፈር ሲደርሱ፣ ነፃ ነህ ተብለው ወረቀት ተሰጣቸው። በሳምንቱ አካፋ ሰጧቸው፣ በወሩ ደግሞ ጅራፉን አዩት። መንገድ ነበር የሚሠሩት። "እዚያም ሥራችንን ቀጠልን" አሉኝ። "አካፋ ወንዝ ውስጥ ይጠፋል። ሲሚንቶ ዝናብ ይመታዋል። አንድ ቀን እኔም ጠፋሁ። ወረቀቷን እዚያው ጣልኳት።"

"ታዲያ እንዴት ሮም መጡ?"

"ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አስመራ ውስጥ ወጥ ቤት አድርጎ በደመወዝ የቀጠረኝ ጣልያን አገሩ ሲገባ እንሂድ ወይ አለኝ። 'ወይ' ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። እሺ አልኩት።"

ስለ እታለም ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። "ስለ እሷ አትንገረኝ። እስከ ዛሬ እናንተው ቤት ናት አይደል? በቃ። መርጣለች።"

ወደ ፔንሲዮኔ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ለእታለም ወንድምሽ አለ ማለት እችላለሁ፤ የጠየቀችኝም ይህንኑ ብቻ ነው። ግን ምን አለ ብላ ትጠይቀኛለች። መርጣለች አለ ልበላት? በዚያች በቀረቻት አንድ ዓይን እያየችኝ? ሲኞራ ያቀረበችልኝን ፓስታ ሳልነካው ተኛሁ።

ረቡዕ

ልሰናበት ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ድንቁ የደብዳቤ ሣጥኖቹን ነሐስ ይወለውላሉ። አንድ ጨርቅ ሰጡኝ፣ ጎን ለጎን ሆነን ወለወልን። ሁለተኛውን ረድፍ ስንጀምር፣ ዓይናቸውን ከሣጥኑ ሳያነሡ "ጤናዋስ?" አሉ።

"ዓይኗ ደክሟል። አንዱ አያይም። እግሯ እንኳ ድሮም ነው።"

"ምን እግሯ?"

"ትጎትተዋለች። እርስዎ በጠፉበት ዓመት በቅሎ ረግጧት ነው ይላሉ።"

ጨርቁ ቆመ።

"የቷ በቅሎ?"

"የቤት በቅሎ ነዋ።"

"ቤቱ ውስጥ አንድ በቅሎ ነበረች" አሉ። "አያትህ ሁለቱን ይዘው በረሃ ወርደዋል። የቀረችው አንድ ናት። እሷ ደግሞ እኔ ጋ ነበረች። ጣልያኖቹ ሰፈር እስክደርስ አልተለየችኝም።"

ያን የበቅሎ ነገር እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ለእንግዳ ተናግሬዋለሁ፣ እታለም ለምን ታነክሳለች ሲሉኝ። እሷም እዚያው ቆማ ስትሰማ አንድ ቀን እንኳን አይደለም ብላ አታውቅም።

"ሦስት ቀን ማንም አልተከተለኝም" አሉ ጋሽ ድንቁ። "ሦስት ቀን! በፊት በግማሽ ቀን የደረሱብኝ ሰዎች። በሌላ መንገድ ፈልገውኝ ይሆናል እል ነበር። ዕድሌ ነው እል ነበር። በየት በኩል ሄደ ብለው የጠየቁት ማንን እንደሆነ፣ እንዴት አድርገው እንደጠየቁም አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።"

በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ውሻዋን ይዛ ገባችና ደብዳቤዋን ጠየቀች። "ኤኮ፣ ሲኞራ" ብለው ሰጧት። ሰጧት እንጂ ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ወድቋል። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን በጨርቁ ሸፈኑ። በነሐስ መወልወያው ጨርቅ። ላነሣላቸው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት፤ የእኔ እጅ የሚገባበት ነገር አልመሰለኝም።

"ነገ ና" አሉኝ ከጨርቁ ሥር።

ሐሙስ

እትዬ ጥሩወርቅ ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ ሲኞራቸው ያዋሰቻቸውን ቴፕ ሪኮርደር ይዘው የሕንፃው በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው አብጧል። "ጋሽ ድንቁ ከሰዓቱን ሙሉ ድምፃቸውን ሲቀዱ ነበር። አስወጥተውኝ፣ መስታወቱን በጋዜጣ ሸፍነው" አሉኝ። ለእታለም ብለው የገዙትን የሱፍ ሹራብ በደረቴ ላይ ለኩት። "ትልቅ ናት ትንሽ?" ትንሽ ናት አልኩ። "ቫ ቤኔ፣ ትጠቅለልበት።"

ጋሽ ድንቁ ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ለእሷ ብቻ ነው።"

"አልሰማውም።"

"ብትሰማውም አይገባህም።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ጨበጡኝ። "መጥረጊያ አያያዝህ ትንሽ ተሻሽሏል።"

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ዓርብ በሲኞራ ሐዘን አለፈ፤ ለመንገድ ብላ በወረቀት ከጠቀለለችልኝ ብስኩት ውስጥ ቅቤ እንዳለበት ባውቅም አልነገርኳትም። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሹ ሹራቡንም የስልጠናውንም ወረቀት አልፎ ካሴቱን አነሣ። የራሱ ማጫወቻ አለው፣ ከተተው። የጋሽ ድንቁ ድምፅ ወጣ፤ ዝግ ያለ፣ አንዳችም የማይገባኝ።

"ምን ቋንቋ ነው?"

"ጉሙዝኛ።"

"ምንድን ነው የሚለው?"

"አላውቅም።"

"የማታውቀውን መልእክት ነው ከውጭ አገር ይዘህ የገባኸው?" አለና ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም ቆመው አዳመጡ። ካሴቱን ለበላይ አካል እናስተላልፋለን፣ ተርጓሚ ይፈለጋል፣ ተመልሰህ ትጠይቃለህ አሉኝ። እንዲህ የተባለ ነገር መቼ እንደሚመለስ እናንተም ታውቃላችሁ። ሰውዬው ማን ናቸው አሉኝ፣ ምንህ ናቸው? የለመድኩት መልስ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

"አያቴ ባሪያ አድርገው ይዘዋቸው የነበሩ ሰው ናቸው" አልኩ። "ሸሽተው ነው የወጡት። እህታቸው እኛ ጋ ቀረች። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል። ለእሷ ነው፤ ዓይኗ ሊጠፋ ነው።"

ቃሉን በሕይወቴ ስለ ቤታችን ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ ያውም ጠመንጃ ለያዘ ሰው። ሁለቱ ተያዩ። ጓደኛው፣ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ ማጫወቻውን ዘጋ። ካሴቱን አውጥቶ በመሐረቡ መልሶ ጠቀለለውና "እሷ ትጠብቃለች፣ ሂድ" አለኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሳሎን እንግዳ ይዛ ነበር፤ በጓሮ ዞርኩ። እታለም አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። "አለ" አልኳት ገና ከበሩ። የራሴን ማጫወቻ ከክፍሌ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ፣ ካሴቱን ከተትኩ።

የመጀመሪያው ቃል ሲወጣ አንገቷ ቀጥ አለ። ከዚያ እታለም በማላውቀው ድምፅ መለሰችለት። አጭር ቃል ነው፣ ወፍራም፣ ከሆዷ የወጣ። ይናገራሉ፣ ትመልሳለች፤ ይናገራሉ፣ ትመልሳለች፣ ቁጭ ብለው እንደሚጫወቱ ሰዎች። አንድ ቦታ ላይ ጮክ ብላ ሳቀች፣ ጉልበቷን እየመታች። ሌላ ቦታ ላይ እጇ ወደ እግሯ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። እዚያ ቆሜ ሳያት፣ ያሳደገችኝን ሴት ያን ዕለት ገና ያገኘኋት መሰለኝ። ከነአካቴው አላውቃትም ነበር።

ካሴቱ አንደኛው ወገኑ አልቆ ቀጭ ብሎ ቆመ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

ወደ ድምፄ ዞረች። የሰማችውን ሁሉ፣ ያየችውን ሁሉ ለእኔ የምትነግረኝ ይመስለኝ የነበረች ሴት ናት።

"ላንተ አይደለም" አለችኝ። "ገልብጥልኝና ውጣ። በሩንም ዝጋው።"

እታለም በዚያ ቤት ውስጥ ለሰው ትእዛዝ ስትሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ካሴቱን ገለበጥኩላት፣ ወጣሁ፣ በሩንም ዘጋሁት።